ሃያ አንድ ቀን ያለ ውሃ

የባሏ እህቶች "ዶክተሯ" ይሏታል፤ የዶክትሬት ትምህርቷን በጀመረች ሳምንት ያወጡላት ስም ነው። ድስት ሲያርባት "ዶክተሯ አሳረረችው"፣ ልጇን ጉንፋን ሲይዘው "ዶክተሯ እያለችለት?" ይላሉ። ስድስት ዓመት አብራቸው ስቃለች። ስለ ጥናቷ አንድ ቃል ከተነፈሰች "ጀመረች ደግሞ!" ስለሚሏት ቤት ውስጥ ማውራቱን ትታዋለች።

የምታጠናው የትኛው የሽምብራ ዘር ጥማት እንደሚችል ነው። አርባ ችግኝ በአርባ ጣሳ ተተክሎ ሃያ አንድ ቀን ጠብታ ውሃ ሳያገኝ መቆየት አለበት፤ እሷም በየማለዳው ትመዝነዋለች። አማካሪዋ "ዘሩም ጊዜሽም አልቋል፤ ይሄ የመጨረሻሽ ነው" ብለዋታል።

ጣሳዎቹ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበሩ። አማቷ ታመው ሲመጡ ግን ባሏ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ "እዚሁ እናቴ አጠገብ ሆነሽ ብትሠሪውስ?" አላት። እሷም ጣሳዎቹን በታክሲ አመላልሳ በረንዳው ላይ ደረደረቻቸው።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠያቂ ዘመድ ቤቱን ሞላው። ከጠዋት ጀምሮ ማድ ቤት ቆማ ውላ ቆሻሻ ልትደፋ ብትወጣ የበረንዳው ወለል ርሷል። አማቷ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ባዶ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመዋል።

"እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"አጠጣኋቸዋ! አንገታቸውን ደፍተው እያየሁ ልለፍ? በእኔ ጣጣ ረሳሻቸው እንጂ አንቺ መች ትጨክኛለሽ። አርባውንም አዳረስኩልሽ፣ የኔ ልጅ።"

ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አለቻቸው። ደግፋ አስገባቻቸው፤ ልብሳቸውንም ቀየረችላቸው።

ማታ ለባሏ ነገረችው። "ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት፤ ትሰበራለች" አላት።

በማግስቱ ችግኞቹ ቀና ቀና ብለው አደሩ። አማቷ ጠያቂዎቹን ሁሉ ወደ በረንዳው ጠሩ።

"ኑና እዩ! ከዛሬ ወዲያ ዶክተሯ እኔ ነኝ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች።

ሁሉም ሲገቡ፣ እጇ ለምዶባት የመጀመሪያውን ጣሳ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። ከትናንቱ ከብዷል። ደብተሩን ገልጣ ትንሽ ቆየች፤ ምንም ሳትጽፍ ከደነችው። ከውስጥ ስልኳ ጮኸ።

"እማዬ፣ አስተማሪሽ ናቸው!" አለ ልጇ።

"እጄ ሽንኩርት ነው በላቸው" አለች። ከዚያም ማድ ቤት ገብታ ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች።