እጅጌ የለበሰው ገመድ

ሰፈሩ «እትዬ ልኬ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሩ ከአንገቷ ባይወርድም፣ ሰው ከበር ሲገባ በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። «ካለፈው ወፈር ብለሻል» ካለች በኋላ ነው «እንደምን አደርሽ» የምትለው።

ባሏ ታክሲ ነጂ ነው። ነዳጅ የማትፈልገውን የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ የቤቱ ኑሮ ተቀይሯል። መኪናዋ የምትሞላው ከስፌት ክፍሉ ሶኬት ነው። ማራዘሚያ ገመዱ በመስኮት ይወጣና በግቢው ድንጋይ ላይ ተጋድሞ መኪናዋ ዘንድ ይደርሳል። መስመሩ ሁለት ነገር አይችልም፤ መኪናዋ ስትሞላ የስፌት መኪናውም ካውያውም ያርፋሉ፣ እትዬ ልኬም በእጇ ትዘመዝማለች።

«ጣውንት አመጣህብኝ እኮ!» ትለዋለች።

«ጣውንትሽ ምን አጠፋች? አትናገር፣ አትጣላ።»

«ዝም ብላ ነዋ የምትበላኝ!»

ትወዳት ነበር ግን፣ ይመስለኛል። ክፍሉ ጭር ሲል መርፌዋን ታቆምና ጆሮዋን ትሰጣለች። ከግድግዳው የሚወጣው ነገር እንደ ምንጭ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ በገመዱ ሲያልፍ የምትሰማው ይመስላታል።

አንድ ሳምንት ከኮረብታው ማዶ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ደወለች። ያሳደገቻት እሷ ናት። ሰኞ ዓይኗ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነው።

«ሐኪሙ ትድኛለሽም አትድኚምም አላለኝም። ቢላ ሳይነካኝ፣ ይቺ ጭላንጭል እያለችኝ፣ ፊትሽን ልየው።»

«እሁድ መጣን፣ እታለም።»

ለእሁዱ መንገድ መኪናዋ ቅዳሜን ተሰክታ መዋልም ማደርም ነበረባት። ቅዳሜ ካፊያ ጣለ። እትዬ ልኬ በመስኮቱ ስታይ ገመዱ ቀጭን፣ ጥቁር፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የተጣለ ሆኖ ታያት። አንጀቷን በላት። ባሏ ተኝቶ ሳለ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጥጥ የተሞላ ረጅም እጅጌ ሰፍታ፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰችው። ሶኬቱ ጋ የሚገጥምበትን ደግሞ ደርባ ጠቀለለችው።

እሁድ ጠዋት ብሬከሩ ወርዶ ተገኘ። ባሏ እጅጌውን ሲገልጠው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ የገመዱ ራስ እንደ ሰም ቀልጦ ረግቷል።

«ገመድ ብርድ ልብስ የሚያለብስ ማነው?»

«በረደው ብዬ ነዋ!»

«ገመድ ይሞቀዋል እንጂ መቼ በርዶት ያውቃል? ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እኮ ነው!»

ሊቀጥል ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። መኪናዋ ግማሽ እንኳ አልሞላችም።

«እስከምታደርሰን እንሂድ» አለችው። «ነገ ሰኞ ነው።»

ኃይል እንዳትጨርስ የመኪናዋን ማሞቂያ አጥፍተው፣ በጉሙ ውስጥ እያዘገሙ ሄዱ። ዛፎቹ ከነጭ ውስጥ ብቅ እያሉ መልሰው ይጠፋሉ። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት መንገዱ ራሱ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይመስል ነበር። ኮረብታው ግርጌ ሲደርሱ መኪናዋ ደከመች። ክፍት የነበረው አንድ ፀጉር ቤት ብቻ ነው። ለፀጉር አስተካካዩ ችግራቸውን ነገሩት።

«ሶኬቴ እንኳ አንድ ናት» አለ መኪናዋን አሻግሮ እያየ። «ልላጫት ወይስ ከርክሜ ልተዋት?»

ስቆ የፀጉር ማሽኑን ነቀለ። «እስክትጠግብ በመቀስ እሠራለሁ።» መኪናዋን ደጃፉ ድረስ አስጠግተው የራሷን ገመድ ሰኩ።

«ዳገቱን ለመውጣት እስኪበቃት ይመሻል» አለ ባሏ።

እትዬ ልኬ እህቷ ዘንድ ደወለች። «እታለም፣ ጉድ ሠራሁ። ግርጌው ላይ ቀረን።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እኔ የፈለግሁት ላይሽ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ይዛኝ ትወርዳለች።»

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሚኒባስ ቆማ፣ ታላቅየዋ የልጅቷን ክንድ ይዛ ወረደች። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ለቀቀላት። ጉሙ ተገፎ ብርሃኑ በመስኮት ይገባ ነበር። ታላቅየዋ የእህቷን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገችው።

«አርጅተሻል።»

«አንቺስ?»

«እኔን ተይኝ፤ ራሴን ካየሁት ቆየሁ።»

ከፊትም ከኋላም መስታወት ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ከሁለቱ እህቶች ጀርባ ሌሎች ሁለት፣ ከእነሱም ጀርባ ሌሎች፣ እየራቁ እየደበዘዙ ተሰልፈዋል።

«በዝተሽ ጠበቅሽኝ!» አለች ታላቅየዋ እየሳቀች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባልየው በሩ ላይ ብቅ አለ። «በቃ፣ አሁን ዳገቱን ታወጣናለች። ልንቀላት?»

«ተዋት፣ ትጠጣ» አለችው ታላቅየዋ ዓይኗን ሳትነቅል። «ገና አይቼ አልጨረስኩም።»