ዘይቱና ማንኪያው

ጎረቤቴ እትዬ ደብሬ ዛሬ እኔ ቤት «ሐሺሽ» የሚገባ መስሏቸው ደጋግመው አማተቡ።

ልጄ ሕሊና ኦቲዝም አለባት። ድምፅ ሲበዛባት እጇን ትነክሳለች፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም።

ውጭ አገር ያለችው እህቴ ደውላ፣ እዚያ ሐኪሞች ለአንዳንድ እንዲህ ላሉ ልጆች ከካናቢስ የተሠራ ዘይት እንደሚያዙ ነገረችኝ። «በሰው ልላክልሽ?» አለች።

እዚህ ክልክል ነው አልኳት። የሕሊናን ሐኪምም ጠይቄው ነበር፤ ጥናቱ ገና ነው፣ ከምትወስደው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋርም ሊጋጭ ይችላል ብሎኛል። እህቴ ቅር ብሏት ስልኩን ዘጋች።

እትዬ ደብሬ አጠገቤ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። «በእመብርሃን! ለሕፃን ልጅ ሐሺሽ?»

ገበያ ስወጣ ሕሊናን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ጋ የዋለች ቀን ጸጥ ብላ ትመጣና ትተኛለች። እኔም ለንፋስ መውጫ ከተማ ሰው ሁሉ «እጃቸው የተባረከ ነው» ስል ከርሜያለሁ።

ጠጋ አሉና «ደግሞ ምን ዘይት ያስፈልጋታል? እኔ አረቄ በማንኪያ ጠብ ሳደርግላት ጥቅልል ብላ ትተኛ የለም?» አሉኝ።

በዚያ መድኃኒት ላይ አረቄ!

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? የኔዎቹስ በምን አደጉ?» አሉ፤ ከልባቸው ነው።

ሕሊናን ወዲያው ወስጃት ሐኪም አይቷታል፣ ለጊዜው ደህና ናት። ነገ ገበያ ነው፤ የሚይዝልኝ ሰው ግን የለኝም።

ከእንግዲህ የማንንም እጅ ከማመስገኔ በፊት ማንኪያውን አያለሁ። እናንተስ፣ የምታምኑት ሰው ልጃችሁን በምን እንደሚያስተኛ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?