ከሆድ ላይ ያልታየው

ሁለት ጊዜ ጽንስ አስወርዶኝ ስለነበር በሦስተኛው ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በእኛ አገር ሆድ ገፍቶ ካልታየ በቀር እርግዝና አይወራም፤ ዓይን ይበላዋል። የሚያውቁት ባሌና እናቱ ብቻ ነበሩ። አማቴማ ነገሬን ሁሉ ከእኔ ቀድመው ነው የሚያውቁት፤ በዚህ ሁሌም እበሽቅ ነበር።

ደብረ ብርሃን ያለች ሐኪም ሆዴ ላይ አልትራሳውንድ አድርጋ የጽንሱን ከረጢት ብቻ አየች። «ልቡ አልታየኝም። ገና ትንሽ ሆኖ ይሆናል፤ ወይም…» ብላ መሣሪያዋን ጠረገች። «ለሳምንት ነይ፣ ከውስጥ እናየዋለን።» እኔ ያቺን «ወይም» ይዤ ወደ አገሬ ሞላሌ ገባሁ። ሳምንቱን ሙሉ ገብስ ሳበጥርም፣ ውኃ ስቀዳም፣ ሰው ሲያናግረኝም እዚያችው «ወይም» ላይ ነበርኩ። ሰዎች ሁለት ጊዜ ካልጠሩኝ አልሰማም።

የቀጠሮዬ ቀን ከአማቴ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። አንዳንዴ የበግ ጀርባ፣ አንዳንዴ የሣር ቤት ክዳን ብቅ ይልና ይጠፋል። መኪናው የቆመ፣ አገሩ ግን በእንቅልፍ ልቡ በጎናችን የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እኔም አላውቅም። አማቴ ግን ዘለግ ያለ ሕልም መች ይፈቅዳሉ! በክርናቸው ጎሰም ያደርጉኝና «ጠጪ እንጂ! ባለፈው ውኃ ጠጥታ ትምጣ አላሉም?» ይላሉ። የያዙትን ጠርሙስ ውኃ ሁሉ አስጨረሱኝ።

ስንደርስ ሐኪሟ ሳቀች። «የዛሬው በባዶ ፊኛ ነው የሚታየው እህቴ። ሽንት ቤት ደርሰሽ ነይ።» በሆዴ አማቴን ረገምኳቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ተመልሼ ስመጣ አማቴ በሩ ላይ ተገትረዋል። ሐኪሟ ከውስጥ የምታይበትን ቀጭን መሣሪያ ኮንዶም ስታለብሰው አይተዋታል። «እግዚኦ! ይኼ ነው ውስጧ የሚገባው? ልጁን ቢወጋውስ? ሁለቱ አልበቁሽም? ነይ እንሂድ!» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። የራሴን ፍርሃት ከእሳቸው አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። «ከፈለጉ እርስዎ ይሂዱ! እኔ ሞቶም ከሆነ ልወቀው» አልኩ። አማቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እናቴ፣ ልጁ ያለበት ድረስ አይገባም» አለቻቸው። «የማህፀኑ በር አጠገብ ሆኖ ነው የሚያየው። ቅርብ ስለሆነ አጥርቶ ያሳያል። ካመማት ወዲያው አወጣዋለሁ። ይልቅ ይምጡና እጇን ይያዙላት።» አማቴ እያጉረመረሙ ገቡ።

መብራቱን አጠፋችው። መሣሪያው ላይ የቀባችው ጄል ቀዘቀዘኝ፤ ጫን የሚል ነገር ተሰማኝ እንጂ አላመመኝም። ስክሪኑ ላይ ግራጫው ነገር ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ የመንገዱ ጉም ተከትሎን የገባ መሰለኝ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከግራጫው መሃል ጥቁር ክብ መጣ። ክቡ ጥግ ላይ የገብስ ፍሬ የምታክል ነገር አለች፤ እሷ ውስጥ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ብልጭ፣ ብልጭ የሚል።

«ያውልሽ ልቡ» አለች ሐኪሟ። «የሰባት ሳምንት ነው። ደህና ይመታል።»

የደስታ እንባ ቀደመኝ። አማቴ እልል ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እጄን እንደያዙ ስክሪኑ ላይ ፈዘዋል።

«በሰባት ሳምንቱ ልብ አለው?» አሉ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«በሦስት ወሩስ?»

«በሦስት ወሩማ እጅም እግርም አለው።»

ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር ባሌን «የበኩር ልጄ» ሲሉ ነው የማውቃቸው። ከእሱ በፊት ስለነበረ ነገር አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉ።

«የእኔን የሦስት ወሩን፣ ደም ነው ብለው ጓሮ ቀበሩት» አሉ። «ለደም አይለቀስም አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ።»

ከስንት ዘመን በኋላ፣ እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆመው አለቀሱለት።