መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር የሆነበት ቀን

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ሆሳዕና ውስጥ ለገበሬዎች ማዳበሪያ፣ ዘርና የተባይ መድኃኒት በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። በቅርቡ ኮምፒውተር ስለሚላክልን አንድ ሰው ለሥልጠና ይምጣ ይላል። እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ እኔ ተመረጥኩ። እንግሊዝኛ መቻሌ የታወቀው የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ ሳነብ ሰምተውኝ ነው።

ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ማሽኑን የነካሁት ግን አንድ ቀን፣ ነጭ ጋዎን ለብሼ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። የቀረውን በጥቁር ሰሌዳ ተማርን። ማሽን ራሱ አያስብም፣ የተጻፈለትን መመሪያ ብቻ ይፈጽማል፤ መመሪያውም ፕሮግራም ይባላል። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ መዝገብ ብቻ ይኖረዋል። በሥራ ላይ ያለን ፕሮግራም ማስቆም የሚችለው የይለፍ ቃል ያለው ኃላፊ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በደብተሬ ሞልቼ ተመለስኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ኮስታራ ሰው ነበር። በስብሰባ ላይ ሲናገር ጠረጴዛው ራሱ ቀጥ ብሎ የሚሰማው ይመስል ነበር። ሪፖርቴን ካዳመጠ በኋላ፣

«ማሽኑ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። በሰው እንለማመደዋለን» አለ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አንድ ባዶ ክፍል ተጠረገ። የጫማውን ነገር በሪፖርቴ ላይ ጽፌው ስለነበር ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ ጫማውን እንዲያወልቅ ታዘዘ። ጊዜው ክረምት ነው፤ የሆሳዕና ጭቃ ደግሞ የታወቀ ነው። በር ላይ የጫማ ክምር ቆመ፤ የማን ካልሲ የት ጋ እንደተቀደደ በሦስት ቀን ውስጥ ሁላችንም አወቅን።

ሥራም ተከፋፈልን። ጥበቃው ሽቦ ሆነ፤ ሥራው ወረቀት ከመስኮቱ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ማድረስ ነው። ታይፒስቷ ማተሚያ ሆነች። ዋናው ማሽን ግን የግምጃ ቤት ኃላፊው ሆኑ። ከአንጋጫ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥም ሒሳብ መርማሪ ሆነው ያገለግላሉ፤ በሕይወታቸው አንድ መመሪያ የጣሱ አይመስለኝም። ሁለት መቶ ያህል የዕቃ ካርድ ፊታቸው ተደርድሮ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፦

«ከመጀመሪያው ካርድ ጀምር። ስሙ ከጥያቄው ጋር ፊደል በፊደል አንድ የሆነውን ፈልግ። ካገኘህ ለማተሚያ ስጥ። ካላገኘህ ከመጀመሪያው ካርድ ጀምር።»

የመጨረሻዋን መስመር ስጽፍ ምን እያሰብኩ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

የይለፍ ቃሉን ሥራ አስኪያጁ ራሱ መርጦ በፖስታ አሽጎ ለታይፒስቷ ሰጠ።

በሙከራው ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ ከጊምቢቹ የመጣ የገበሬ ማኅበር ተወካይ ነበር። ተምች በቆሎውን እየበላባቸው ስለሆነ የተባይ መድኃኒት ፈልጎ ነው የመጣው። ጥያቄውን በመስኮት ሰጠ። ሽቦው አደረሰ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ካርዶቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመሩ። ሁለት መቶውን ጨረሱ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

በሦስተኛው ዙር ሰውየው ጥበቃውን በሀዲይኛ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቀው።

«እኔ ሽቦ ነኝ» አለው ጥበቃው። «ሽቦ አይናገርም።»

እኔ ጠጋ ብዬ ወረቀቱን አየሁት። ተወካዩ «ጸረ ተባይ» ብሎ ጽፏል። ካርዱ ላይ ያለው ደግሞ «ፀረ ተባይ» ነው።

«ጋሼ፣ ይኸው እኮ፤ አሁን ያለፉት ካርድ ነው» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ። በየዙሩ አየዋለሁ» አሉ ሳይቆሙ። «ግን ፊደሉ አንድ አይደለም። ፊደል በፊደል ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ።»

«እሺ፣ ይቁሙና ላስተካክለው።»

«እየሄደ ያለን ፕሮግራም መንካት አይቻልም ብለሃል። የይለፍ ቃል አለህ?»

አልነበረኝም። ሰውየው በተከፈተው የግምጃ ቤት በር በኩል የመድኃኒቱን ካርቶኖች እያየ፣ «እዚያ ቆሞ ይታየኛል እኮ» ይላል። የጊምቢቹ አውቶቡስ ከመናኸሪያ ሊወጣ ደርሷል። በዘጠነኛው ዙር ላይ ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ በካልሲው ገባ።

«ይበቃል፣ ያቁሙ» አላቸው።

«የይለፍ ቃል» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ሥራ አስኪያጁ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጓድ። ማሽኑ ግን ሰው አያውቅም ተብሏል።»

ሥራ አስኪያጁ ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። በመስኮቱ ከጊምቢቹው ሰው ጀርባ ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ተሰልፈው አንገታቸውን አስግገዋል። ጎንበስ ብሎ በሽማግሌው ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለ።

«ጮክ ይበሉ ጓድ፤ ይህኛው ጆሮዬ አይሰማም» አሉ።

«ማሙሽዬ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ታይፒስቷ ፖስታውን ቀደደች፣ አነበበች፣ አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው ግን ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየጠቆሙ «ማ፣ ሙ፣ ሽ፣ ዬ» ብለው አመሳከሩና ካርዶቹን አስቀመጡ። ውሃ ጠየቁ።

አውቶቡሱ አመለጠ። ሥራ አስኪያጁ ሰውየውን ከነመድኃኒቱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ላከው፤ ከመሸኘቱ በፊትም ለብቻው ወስዶ አነጋገረው። ምን እንዳለው መገመት አያቅትም። በሳምንቱ ለቆጠራ ጊምቢቹ ስሄድ ግን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከወንበራቸው ተነሥተው፣ በሙሉ አክብሮት፣ «ማሙሽዬ ደኅና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ናቸው አልኩ።

ፕሮግራሙን ሳስተካክል የትኛውን «ጸ» እንደምንይዝ መወሰን አቃተን። ከዚያ ወደ «ሀ» እና «ሐ» ተሻገርን፤ ክርክሩ ሦስት ሳምንት ቆየ። በመጨረሻ ሽማግሌው እስክሪብቶዬን ተቀብለው የመጨረሻዋን መስመር ሰረዙና በራሳቸው ጽሕፈት፣ «አንዴ ፈልገህ ካላገኘህ ባለጉዳዩን ጠይቀው» ብለው ጻፉ። ኮምፒውተሩ እኔ ወደ ዱራሜ እስክዛወር ድረስ አልመጣም፤ በካርዶቹ ግን ከዚያ ወዲህ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አላስታውስም።