«ዶንግሾው»፦ ተጠግኗል ብዬ የጻፍኩትን ቦይ ፍለጋ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ወልድያ

የመርሳ ሚኒባስ መናኸሪያው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «መርሳ! ውርጌሳ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ውስጥ ያለነው አራት ነን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል።

በጃኬቴ ኪስ ከጋዜጣ የተቆረጠች አራት መስመር ዜና ይዣለሁ። በሀብሩ ወረዳ፣ ግራና አካባቢ፣ በክረምቱ ጎርፍ የተሰበረው የመስኖ ቦይ «የጥገና እርምጃ ተወስዶለት አገልግሎት መስጠት ጀምሯል» ትላለች። የጻፍኳት እኔ ነኝ። በመስከረም መጨረሻ አንድ የወረዳው የመስኖ ባለሙያ በስልክ የነገረኝን ተቀብዬ ጻፍኩ። ከቤቴ እስከ ቦዩ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ አልሄድኩም።

ሰኞ ዕለት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። «ጋሼ፣ የግራናውን ዜና የጻፍከው አንተ ነህ?» አለኝ ድምፁ። አዎ አልኩ። «እንግዲያው ናና ውሃውን አሳየኝ» አለና ዘጋው። መልሼ ደወልኩ። ደሳለኝ ይባላል፤ መርሳ ውስጥ መካኒክ ነው። ቦዩ ዛሬም እንደተሰበረ መሆኑን ሲነግረኝ ንዴት ያዘኝ፤ ሦስት ቀን ሆነው። ዛሬም አልለቀቀኝም።

12 ሰዓት ከሩብ፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ሳይሞላ አልተነሳም። አንዲት ሴት ሁለት ዶሮ፣ አንድ ሰውዬ የወፍጮ ቀበቶ ይዘው ገቡ። ከከተማው ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ሞቅ ይላል። የስሪንቃ ማሳዎች ላይ ማሽላው ታጭዶ በነዶ ቆሟል። ጭነት ያጎበጣቸው አይሱዙዎች ከደሴ በኩል እያቃሰቱ ይመጣሉ። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ተበልቷል፤ ሹፌሩ ጉድጓዶቹን በቃሉ ያውቃቸዋል።

ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ጠባቂው መታወቂያዬን ገልብጦ አየው።

«የት ነው?»

«ግራና።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ቦይ ለማየት። ተጠግኗል የተባለ ቦይ።»

ሹፌሩ ከኋላ ሳቀ። «የተጠገነ ነገር ለማየት በዚህ ብርድ የተነሳ ሰው ዛሬ ገና አየሁ! የተሰበረ ከሆነ እዚሁ ስንት አለልህ።»

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ መርሳ

መንገዱ ዳር ፓፓያና ብርቱካን ተቆልሏል። የደሳለኝ ጋራዥ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዘይት የጠጣ መሬት፣ የብየዳ ማሽን። ደሳለኝ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። መዳፉ ስለቆሸሸ ለሰላምታ የእጁን አንጓ ዘረጋልኝ።

መሬት ላይ ምስማር የተመታበት ረጅም ጣውላ አጋድሞ ሽቦ ይጎነጉናል። ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ቅርጫት ነው፤ ጋቢዮን ይሉታል። ጎርፍ የሚመጣበት ቦታ ላይ ተራ ድንጋይ ብትከምር ውሃው ይወስደዋል፤ ቅርጫት ውስጥ የታሰረ ድንጋይ ግን ይቆማል። ሽቦውን ያገኘው ከፈረሰ የመንገድ ሥራ ካምፕ አጥር ነው። ሦስት ቅርጫት ጨርሷል።

«የሚያስፈልገው ስንት ነው?»

«ለጊዜው ዘጠኝ፤ ለዘለቄታው ከዚያ በላይ። ሽቦው ግን አለቀ።»

ቻይኖቹ መንገድ ሲሠሩ እሱ ካቦ ነበር፤ ሠላሳ ሰው ያሠራ ነበር። ቋንቋውን እዚያው ከሥራው ለቀመው። መጀመሪያ የሰማት ቃል «ዶንግሾው» ናት። «ዶንግ» ማንቀሳቀስ፣ «ሾው» ደግሞ እጅ ነው። እጅን ማንቀሳቀስ፣ ሥራ መጀመር ማለት ነው።

«አለቃችን ጠዋት ይመጣል፤ መሣሪያውን ያያል፤ ‹ዶንግሾው!› ይልና መጀመሪያ አካፋ የሚያነሳው ራሱ ነው» አለ ደሳለኝ፣ ሽቦውን በብረት ዘንግ እየጠመዘዘ። «እጁን ኪሱ ከትቶ ሲላት አንድ ቀን አልሰማሁም።»

«እርምጃ መውሰድ ማለት ነው እንዴ?»

«እሱማ ሌላ ነው። ‹ጻይጩ ሺንግዶንግ› ይሉታል። እርምጃ ወሰድን፣ እርምጃ ይወሰዳል፤ ለደብዳቤ ነው፣ ለቴሌቪዥን ነው። እኔ ሲሚንቶ ቀርቦ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

የ«ዶንግሾው»ን አጠቃቀም ጠየቅሁት፤ ማስታወሻ ደብተሬን ሳወጣ ፈገግ አለ። ሥራው ፊትህ ሲሆን ነው የምትላት፤ አብሮህ ላለ ሰው «ዶንግሾው ባ» ብትለው «በል እንጀምር» ነው። ራቅ ካለ ሰው ደግሞ «ዶንግሾው ለ ማ?» ብለህ ትጠይቃለህ፤ ጀመራችሁ ወይ ማለት ነው። የጀመረ «ዶንግሾው ለ» ይላል። ያልጀመረ «ሃይ ሜይ»፣ ገና ነው፣ ይላል።

«ሌላ መልስ የለም?»

«የለም። ‹በሂደት ላይ ነን› የሚል ቻይና አላጋጠመኝም፤ ካለም ሌላ ካምፕ ነው» አለና ቅርጫቱን ገለበጠ። «ተቆጥተህ ግን ሰው ፊት እንዳትላት። ለቡጢም ይሏታል። አንተ ዛሬ ፊትህ አላማረኝም።»

3 ሰዓት፣ እዚያው መርሳ፣ የወረዳው ቢሮ

በመስከረም በስልክ ያነጋገረኝን ባለሙያ አገኘሁት። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ዜናዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ቦዩ ተጠግኗል?»

«እርምጃ ተወስዷል።»

«ምን ዓይነት እርምጃ?»

ከመሳቢያው ፎቶ አወጣ። ኮፍያ ያደረጉ ስድስት ሰዎች የተሰበረው ቦይ ጫፍ ላይ ቆመው አንዱ በእጁ ያመለክታል። ሌሎቹ ጣቱን ያያሉ።

«ቦታው ድረስ ተሂዶ ተጎብኝቷል። አቅጣጫም ተቀምጧል።»

«‹አገልግሎት መስጠት ጀምሯል› ብለኸኝ ነበር።»

«እንደሚጀምር ታምኖበት ነው» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋዜጠኛ ነህ እኮ፤ አባባሉን ታውቀዋለህ» አለኝ።

ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ያለውን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ መልሼ አነበብኩለት፤ አረጋገጠልኝ። ያንገበገበኝ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እውነት መሆኗ ነው። አባባሉን አውቀዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እየጻፍኩት ኖሬአለሁ።

5 ሰዓት፣ ግራና

ከደሳለኝ ጋር ሦስቱን ቅርጫት አጣጥፈን ጤፍ ሊጭን በሚሄድ አይሱዙ መጣን። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከግራና ገበያ አልፈን ወረድንና ወንዙን ይዘን በእግር ወጣን።

ቦዩ ከወንዙ የሚነሳበት ቦታ ላይ ግድግዳው የለም። ርዝመቱን በእርምጃዬ ለካሁት፤ አሥራ አራት። ውሃው በዚያ ክፍተት ወደ ወንዙ ተመልሶ ይፈሳል። ከታች ያለው ቦይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሀያ ያህል ሴቶችና ወንዶች አሸዋ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞሉ ይከምራሉ። ሁለት ጊዜ ከምረው ሁለት ጊዜ ውሃው ወስዶባቸዋል።

አያ መላኩን ያገኘኋቸው ውሃው ውስጥ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ነው። ከስድሳ አልፈዋል። የውሃ አባት ናቸው፤ ውሃውን በየማሳው ተራ አስጠብቆ እንዲያደርስ ገበሬው የመረጠው ሰው እንዲህ ይባላል። የራሳቸው ማሳ ቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ሽንኩርት ተክለዋል።

ደሳለኝ አስተዋወቀኝ። «አያ፣ ይሄ ነው ጋዜጠኛው።»

«ጋዜጣው መጣ በሉኛ!» አሉ፤ ከውሃው አልወጡም። «ልጄ አነበበችልኝ። አገልግሎት ጀምሯል ስትለኝ የት ቆሜ ነበር መሰለህ? እዚያ ታች፣ ደረቋ ቦይ ውስጥ።»

ከረጢት የተሸከመች ሴት እያለፈች «አያ መላኩ፣ ወረቀቷን ማሳው ላይ አንጥፏት፤ ውሃ ይወጣት ይሆናል!» አለች። ሁሉም ሳቁ።

የሆነውን ራሳቸው ነገሩኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለዚህ ቦይ አሥራ ሁለት ጥቅል የጋቢዮን ሽቦ መድቦ ነበር። አያ መላኩ ሽቦው ይመጣል ብለው ችግኙን ከመደብ ነቅለው ተከሉ። ዜናዋ ወጣች። ድርጅቱ «የእናንተማ ተጠግኗል» ብሎ ሽቦውን ለሌላ ቦታ አዞረው። የመስከረሙ እርጥበት ሽንኩርቱን እስካሁን ያዘው፤ አሁን አፈሩ ደርቋል።

«ስንት ቀን ይቆይልዎታል?» አልኳቸው።

«እሑድ ድረስ ካልጠጣ ለከብት ነው።»

«ሽቦው አሁን የት ነው?»

«ወልድያ መጋዘን ነበር። ነገ ጠዋት የመጨረሻው ይጫናል ሲሉ ሰምተናል።»

ደሳለኝ ጃኬቱን አወለቀ። «ዶንግሾው ባ!» አለና ውሃው ውስጥ ገባ። ለካ ሁሉም ያውቋታል፤ እያሳሳቁ ተቀባበሏት። ሦስቱን ቅርጫት ክፍተቱ ውስጥ ዘረጉ፤ ድንጋይ በእጅ በእጅ እየተቀባበሉ ሞሉ፤ አፉን በሽቦ ሰፉት። እኔም ከሰልፉ ገብቼ ድንጋይ አሳለፍኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ደረቁ ቦይ ውስጥ ቀጭን ውሃ ተንሸራተተ። ሴቶቹ እልል አሉ።

አንድ ገበሬ «አያ፣ የመጀመሪያውን ለእርስዎ እንልቀቀው፤ የሽንኩርቱ ነገር ያሳስባል» አላቸው።

«ተራው የማን ነው?» አሉ አያ መላኩ።

«የእኔ ነው፤ እኔ ለቅቄልዎታለሁ።»

«ዛሬ አንተ ለእኔ ከለቀቅህ ነገ ጉልበት ያለው ከደካማው ላይ ይወስዳል። በል ማሳህን ክፈት።» በዚህ ውሃ ልክ የእሳቸው ተራ የሚደርሰው ከእሑድ በኋላ ነው። ውሃው እንዲበዛ የቀረው ክፍተት መዘጋት አለበት። ለዚያ ደግሞ ሽቦ ያስፈልጋል።

ስሰናበታቸው «ምን ልርዳዎት?» አልኩ።

«አልተሠራም ብለህ ጻፍ። ሌላ አልጠይቅህም።»

9 ሰዓት ተኩል፣ ወደ ወልድያ

ደሳለኝ ቦዩ ላይ ቀረ። ሚኒባስ ውስጥ ማስተካከያውን በስልኬ ጻፍኩ፦ «የግራና ቦይ ተጠግኗል በሚል ያወጣነው ዜና ስህተት ነው። ቦዩ አልተጠገነም። ዘጋቢው ቦታውን ሳያይ ጽፏል።» ለአዘጋጁ ላክሁት። ወዲያው ደወለ።

«‹ተጨማሪ እርምጃ እየተወሰደ ነው› ብንለውስ? ትንሽ ይለዝባል።»

«ማነው የወሰደው?»

መልሱን ሳልጠብቅ «እንዳለ ይውጣ» አልኩት፤ እንዳለ በድረ ገጻችን ወጣ።

10 ሰዓት ከሀምሳ፣ ወልድያ፣ የድርጅቱ መጋዘን

ከመናኸሪያው በባጃጅ በቀጥታ እዚያ ሄድኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መዝገብ እየዘጋ ነበር። ጉዳዩን ነገርኩት።

«ጋዜጣው ተጠግኗል ብሏል እኮ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።» ማስተካከያውን አሳየሁት።

አነበበው። «ጥሩ። ነገ ለአለቆች አቅርበን አስፈላጊውን እርምጃ እንወስዳለን።»

ልጮህበት ነበር። የደሳለኝን ማስጠንቀቂያ አስታወስኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ነገ ጠዋት ሌላ ቦታ ሊጫን ነው። አለቃህ ስልክ አለው?»

«አለው።»

«የመጋዘኑ ቁልፍስ?»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ደወለ። ብዙ «እሺ» አለ። ስልኩን ሲዘጋ «ስህተቱ የአንተ መሆኑን በጽሑፍ አስፍረህ ፈርም፤ ነገ በመርሳ በኩል የሚያልፍ መኪና አለ፤ በእሱ ይሄዳል» አለኝ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

መጋዘኑ ውስጥ አራት ጥቅል ሽቦ አለ። ከጎኑ፣ አቧራው ላይ፣ ስምንት ክብ ባዶ ቦታ ይታያል። ስምንቱ ማክሰኞ ወጥተዋል። የሄዱት ጎርፍ ማሳቸውን ወደ በላባቸው ሌሎች ገበሬዎች ነው፤ መልሱልኝ የምልበት አፍ የለኝም። ሰኞ በተደወለልኝ ቀን ብነሳ ኖሮ ስምንቱም እዚህ ነበሩ።

አራቱን ተጋግዘን እየገፋን በሩ ላይ ደረደርናቸው። ሽቦው መዳፍ ይልጣል። እጄን ሱሪዬ ላይ ስጠርግ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ዶንግሾው ለ ማ?» ደሳለኝ ነው። ከኋላው የውሃ ድምፅ ይሰማል።

«ዶንግሾው ለ።»

«ስንት ጥቅል?»

«አራት። ሌላው ሄዷል።»

«ከአራቱ ጥቅል ለጊዜው የሚበቃ ቅርጫት ይወጣል፤ ግን እስከ እሑድ ጎንጉኜ ልጨርሰው አልጨርሰው አላውቅም» አለ። «አያ መላኩ እዚህ አጠገቤ ናቸው። ስምንቱን አንተው ንገራቸው።»

«ስጣቸው» አልኩት።

ስልኩ ተንኮሻኮሸ፤ የሚተነፍሱት ተሰማኝ።

«አያ መላኩ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ፣ ጋዜጣው።»