የእርግብ አባት

ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ መምህራችን «ወንዱ እንስሳ አንዳንዴ ከልጆቹ ጋር የሚቀረው፣ አንዳንዴ ጥሎ የሚሄደው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። እጄን አወጣሁና «የእርግብ አባት ያጠባል» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን በሐሳቤ ሰሚት ያለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ነበርኩ።

ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነው። እናቴ ለሥራ ዱባይ ሄዳለች። አባቴ በታክሲው ቦሌ ለቦሌ ሰው ሲያመላልስ ይውልና፣ ምሳ ሰዓት ላይ በዚያ ጭቃ እየበረረ መጥቶ ፓስታ ይቀቅልልኛል። ሁሌም ይላቁጥበታል። ቅዳሜ ታላቅ እህቱ እትዬ አልማዝ ከአዳማ መጥተው ሊወስዱኝ ነበር። አዳማን አልጠላም፤ መሄድ ግን አልፈለግኩም። እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። መቀመጥ አቅቶኝ ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ሳሎን እመላለስ ነበር።

በረንዳው ላይ፣ ከዲሹ ጀርባ፣ እርግቦች ጎጆ ሠርተዋል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ እናትየዋን የጎረቤት ድመት በላቻት። የቀረው አንገቱን ነፍቶ እየዞረ የሚያጉተመትመው ወንዱ ነው። አለቀላቸው ብዬ ነበር። እሱ ግን በካፊያው ወጥቶ ይመለሳል፤ ጫጩቶቹም ምንቃራቸውን አፉ ውስጥ ከተው እርጎ የመሰለ ነገር ይጎርሳሉ።

ቅዳሜ እትዬ አልማዝ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ድስቱን ከፈቱ።

«ይኼ ፓስታ ነው ሙጫ? ጸጉሯንስ ማን ሊሠራት ነው?»

«እኔ እሠራታለሁ፣ እትዬ» አለ አባቴ።

«አንተ? የራስህን አበጥረህ የማታውቅ!»

አባቴ ድስቱን መልሶ ከደነው። ሻንጣዬ በሩ ጋ ቆሟል። የእትዬን እጅ ይዤ ወደ በረንዳው ጎተትኳቸው።

«እናታቸውን ድመት በላቻት። አባትየው ነው የሚያጠባቸው።»

«ወንድ ያጠባል? ስምንተኛው ሺህ!» ብለው አማተቡ።

ወዲያው እርግቡ ርሶ መጣ። ጫጩቶቹ ተንጫጩ፤ አፉን ከፈተላቸው። እትዬ አልማዝ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«ትቅር፣ እትዬ» አለ አባቴ ከኋላችን። ድምፁ ከዝናቡ እምብዛም አይበልጥም ነበር።

እትዬ ዞረው አዩት። «በል ና፣» አሉ ማበጠሪያውን አንስተው፣ «ሹሩባ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ።»

የክፍሉ ሳቅ ሲበርድ መምህሩ «ጡት የለውም እንጂ ልክ ነሽ፤ ጉሮሮው ውስጥ ወተት የመሰለ ምግብ ይሠራል» አሉኝና ምክንያቱን አስረዱን፦ ከመሄድ ይልቅ መቅረቱ ብዙ ልጅ የሚያተርፍለት ከሆነ ወንዱ ይቀራል። በጥንቃቄ ጻፍኩት።

ከክፍል ስወጣ አባቴ ደወለ። ሰላምታ የለውም፤ «በላሽ?» ነው የሚለው። «በላሁ» አልኩት። ያን ቅዳሜ «ትቅር» ለማለት ለምን ያን ያህል እንደዘገየ ግን፣ አሁንም ሳልጠይቀው ስልኩን ዘጋሁ።