የልብስ ማጠቢያው ቁልፍ

ዙሪክ ላይ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም ነበር። ከጄኔቭ የመጣሁት ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ስላገኘሁ ነው፤ መንገደኛው ሲወርድ እንገባና ወንበር እንጠርጋለን፣ ብርድ ልብስ እናጥፋለን። አውሮፕላኖቹ ወደየአገሩ ይነሳሉ፣ እኔ መጥረጊያዬን ይዤ እወርዳለሁ። ከሥራ ስመለስ ደግሞ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ያለችው አንድ ክፍሌ ትጠበኛለች። ትራም እሳፈርና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ ሳልወርድ እመለሳለሁ። ከተማው ምንም አላደረገኝም። ሐይቅ አለው፣ ንጹሕ ነው፣ ትራሙ አንዲት ደቂቃ አያዛንፍም። እሱ ራሱ ያናድደኝ ነበር። ሁሉም ነገር በሰዓቱ ሲመጣ የማይመጣው የአባቴ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

አባቴ በየወሩ ይጽፍልኝ ነበር። በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ፖስታ ተከፍቶ ይነበባል ስለሚባል ከሰላምታ በቀር ቁም ነገር አይገኝበትም፤ ግን ጽሕፈቱ የእጁ ነው፣ ያ ይበቃኝ ነበር። ከገና በኋላ ግን እህቴ ትጽፍልኝ ጀመር። አባባ ደህና ነው፣ ያልጻፈልሽ እጁን ስላመመው ነው ትላለች። በሚቀጥለውም እጁን አሞታል። ቅባት ላክሁለት። በሦስተኛው ጊዜ፣ ቀኙን ካመመው በግራው ይፈርምልኝ ብዬ ጻፍኩላት። መልስ አልመጣም።

ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ የሚኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። በስልክ ከሁለት ቃል በላይ የማይወጣቸው ሰው ያን ሑዳዴ በየእሑዱ እየደወሉ ፋሲካን እኛ ዘንድ ካልዋልሽ ይሉኝ ጀመር። ሥራ አለኝ እላለሁ፣ አስፈቅጂ ይላሉ። ምን ነካቸው እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ።

በምኖርበት ሕንጻ ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት፣ በተራ ነው። የማጠቢያ ክፍሉ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የእኔ ተራ በሁለት ሳምንት አንዴ ማክሰኞ ሲሆን፣ ሲመሽ ቁልፉን የረቡዕ ተረኛ ለሆኑት፣ ከታች ፎቅ ለሚኖሩት አሮጊት ማድረስ አለብኝ። የሕንጻው ሰዎች ሌላውን ሁሉ ይቅር ይሉ ይሆናል፣ ይህን ቁልፍ ማዘግየት ግን ነውር ነው። እኔ አንድ ማክሰኞ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ረስቼው ተኛሁ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ የበሩ ደወል ጮኸ። ስከፍት አሮጊቷ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ የሕንጻው ጠባቂ ሽማግሌ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሁለቱም ፊታቸው ኮስተር ብሏል። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በይቅርታ ጀመሩ።

እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። በዚያ ሰዓት ትልልቅ ሰዎች ደጅ ላይ ከቆሙ ማንም ምን ፈልጋችሁ ነው ብሎ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። «አባቴን!» ብዬ ደረቴን መታሁና ደረጃው ላይ ወደቅሁ።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ያ ሕንጻ ሰምቶ አያውቅም። በየፎቁ በር ተከፈተ። ሽማግሌው ፊታቸው ቀልቶ ቁልፍ እኮ ነው፣ ቁልፍ ብቻ ነው ይላሉ። አሮጊቷ ከነካፖርታቸው ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ። ነገሩ ሲገባኝ ቁልፉን ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ለምን እንዳለቀስኩ የማስረዳበት ጀርመንኛ ግን አልነበረኝም። በቁልፍ ምክንያት ያለቀስኩ እንደመሰላቸው ተለያየን።

በሩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ያ ሁሉ ወር የፈራሁት ነገር መጣና ቁልፍ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ቀለለኝ። ይህን ለአገሬ ሰው ካልነገርኩ ብዬ ላንሲ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት አባባን አለቀስኩት» አልኳቸው፣ ሳቄን እንደምንም ይዤ። ቀጥዬ የቁልፉን ነገር ልነግራቸው ነበር።

ሳያስጨርሱኝ ቀስ ብለው «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

አባቴ ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል። ጄኔቭ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል። ብቻዬን አንድ ክፍል ውስጥ እንዳልሰማው ብለው፣ ፋሲካ ሰው ሲሰበሰብ ሊነግሩኝ ነበር የሚጠብቁት። ከሐዘኑ የቀደመኝ ንዴቱ ነው። ለሞተ ሰው የእጅ ቅባት እየላክሁ ሳለ ዝም ብለው አዩኝ። ስልኩን ጣልኩትና እንደገና ጮኽኩ።

በዚህኛው ጊዜ ማንም በሩን አልከፈተም። «ለአንዲት ቁልፍ ይህን ያህል?» ሳይሉ አልቀሩም። አሮጊቷ ብቻ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጥተው አንኳኩ። ስከፍትላቸው የዕለቱን ተራቸውን ትተውልኝ ቁልፉን በመዳፋቸው ዘረጉልኝ።